ሬዚስተር ያስገባችሁበት ፋን በራሱ ይነሳል? አጥፍታችሁ አብሩት!

በቤት በተሠራ ሳጥን ጫጩት ለምታስፈለፍሉ አርቢዎች

መብራት በተቆራረጠ ቁጥር የሚደርሰን አቤቱታ ያው ነው፦ ሌሊት ጠፍቶ መጣ፣ ጠዋት ሳጥኑ ሲከፈት አምፖሉ ሥር ያሉት እንቁላሎች ግለዋል፣ ፋኑ ቆሟል። ሳጥኖቹን ስናይ «ነፋሱ በዛ» ተብሎ በፋኑ ሽቦ ላይ ሬዚስተር ገብቶ እናገኛለን። ሬዚስተር ማስገባቱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሳይሞክሩ መዝጋት ነው።

ፋን ከቆመበት ለመነሳት፣ እየዞረ ለመቀጠል ከሚበቃው የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ሬዚስተር ሲበዛበት በጣት ገፋ ካደረጋችሁት ይዞራል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን አይነሳም። አምፖሉ ደግሞ ወዲያው ይበራል። ሙቀቱ አንድ ቦታ ይከማቻል። ቴርሞሜትሩ ራቅ ካለ ጥግ 37.5 ዲግሪ ቢያሳይም አትመኑት።

ስለዚህ ሬዚስተር ያስገባችሁ ሁሉ፣ ዛሬውኑ፦

1. ሳጥኑን ከሶኬት ንቀሉ። የፋኑ ክንፍ ጨርሶ እስኪቆም ጠብቁ።
2. መልሳችሁ ሰኩ። በጣት አትግፉ!
3. ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። አንዴ እንኳ ካመነታ ሬዚስተሩ በዝቷል፤ ኦሙ አነስ ባለ ቀይሩት።

በሶላር ባትሪ የምትሠሩ ደግሞ ንጋት ላይ፣ ባትሪው በደከመበት ሰዓት ሞክሩት። ቀትር ላይ መነሳቱ ዋስትና አይሆንም።

ሬዚስተር ስትገዙ ኦሙን ብቻ ሳይሆን ዋቱንም ጠይቁ። ጀርባው ላይ 12 ቮልት፣ 0.20 አምፒር ለተጻፈበት የኮምፒዩተር ፋን 22 ኦም ይበቃል፤ ለፋኑ ወደ 9 ቮልት ይተርፈዋል። 100 ኦም ካስገባችሁ ግን ከ5 ቮልት በታች ስለሚደርሰው ብዙ ጊዜ አይነሳም። 22 ኦሙ ላይ ግማሽ ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚወጣ ቀጭኑ ሩብ ዋት ይቃጠላል። 2 ዋት ግዙ። በፋኑ ቀይ ሽቦ ላይ በተከታታይ አስገቡት፤ ከሳጥኑ ውጭ፣ ከጭድ፣ ከሰጋቱራና ከስፖንጅ ርቆ ይቀመጥ። ገላውን በናስትሮ አትጠቅልሉት።

በቀጥታ በ220 ቮልት በሚሠራ ማራገቢያ ላይ ይህን አትሞክሩ። አትሞክሩ! ሰውም ቤትም ያጠፋል።

ደጋግመን ብለናል፣ አሁንም እንላለን፦ አጥፍታችሁ አብሩ። እንቁላል ሳጥን ውስጥ 21 ቀን ይቆያል፤ በእነዚያ ቀናት መብራት አይጠፋም ብሎ የሚምል የለም። ጫጩት በወጣ ቁጥር የፋኑን ክንፍ ከብናኝና ከላባ አጽዱና ሙከራውን እንደገና አድርጉ፤ ቆሻሻ የያዘው ፋን ትናንት በተነሳበት ቮልት ዛሬ ላይነሳ ይችላል።

ለዚህ ጊዜ የለኝም የምትሉ ሬዚስተሩን አውጡት። ነፋሱ ካስቸገረ ፋኑን ወደ ሳጥኑ ግድግዳ አዙሩት፤ ነፋሱ እንቁላሉን በቀጥታ አይመታም፣ ፋኑም በሙሉ ጉልበቱ ይነሳል።