በውሱን አቅም ወደ ወልድያ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት አገር ቤት ለሚገባ ዲያስፖራ

ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ቀበሌዎች ወጥተው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በሊባኖስ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት አገር ቤት ለመግባት ሲያስቡ ስሌታቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአውሮፕላን ትኬት ነው። ትኬቱ በአንድ ጊዜ የሚከፈልና ዋጋው አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ትልቁ ወጪ እርሱ ይመስላል። ይሁን እንጂ አቅሙ ውሱን የሆነውን ተጓዥ ለብድር የሚዳርገው በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የማይሰፍረው፣ ከደረሰ በኋላ በየደጃፉ በትንሽ በትንሹ የሚወጣው ማኅበራዊ ወጪ ነው። ዕቅዱም መታነጽ ያለበት በዚሁ ወጪ ዙሪያ ነው።

ከገንዘቡ በፊት ግን ሄዶ መመለስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። በሳዑዲ ዓረቢያ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ለዕረፍት ሲወጣ «ኹሩጅ ወ ዓውዳ» የሚባለው የመውጫና የመመለሻ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ይህም ለአንድ ጊዜ ጉዞ እስከ ሁለት ወር ለሚደርስ ቆይታ 200 ሪያል፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመር እያንዳንዱ ወር ደግሞ 100 ሪያል ይከፈልበታል። «ኹሩጅ ኒሃኢ» የሚባለው የመጨረሻ መውጫ ግን የሥራ ውሉን የሚዘጋ ሰነድ በመሆኑ፣ ዓረብኛ የማታነብ የቤት ሠራተኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄዷ በፊት የተሰጣት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በምታምነው ሰው ማስነበብ ይኖርባታል። በኤምሬቶች የመኖሪያ ቪዛ ያለው ሰው በመደበኛው ሕግ ከስድስት ወር በላይ ከአገሪቱ ውጭ ከቆየ ፈቃዱን ያጣል። ፓስፖርት ሳይኖረው ከቆንስላ በሚሰጥ ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ በሚያገለግል የይለፍ ወረቀት የሚጓዝ ሰው ደግሞ ለዕረፍት ሳይሆን ጠቅልሎ እየገባ መሆኑን አውቆ ይወስን።

በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት በሕጋዊ መንገድ የተቀጠረ ሠራተኛ የደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪ በአሠሪው ይሸፈናል፤ በሳዑዲም ሁለት ዓመት ሠርታ ውሏን የምታድስ የቤት ሠራተኛ የአንድ ወር ዕረፍት ከነክፍያው እንድታገኝ ደንቡ ያዛል። ይህን ሳያውቁ ከገዛ ደመወዛቸው ትኬት የሚቆርጡ ብዙዎች ናቸው። ውሉን አውጥቶ ማንበብና ጥያቄውን ለአሠሪው ከጉዞው ብዙ ወራት ቀድሞ ማቅረብ ከማንኛውም የትኬት ቅናሽ ይበልጣል።

የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ጉዳይ ለየት ይላል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን ስለማትፈቅድ ትውልደ ኢትዮጵያዊው የሚገባው ወይ በቪዛ ወይ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 በተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በሚባለው ነው፤ ካርዱ ያለ ቪዛ ለመግባት ያስችላል። ለአንድ ጊዜ ጉብኝት ቪዛው ይበቃል፤ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ለሚመላለስ ግን ካርዱን ማውጣት ያዋጣል። የጥገኝነት ፈቃድ አግኝቶ በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚንቀሳቀስ ሰው በበኩሉ ወደ አገር ቤት መግባቱ ያገኘውን ከለላ ሊያሳጣው ስለሚችል የሕግ ባለሙያ ሳያማክር ትኬት መግዛት የለበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚቀርበው አማራጭ ናይሮቢ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ ስለማይጠየቅ እናትን ወይም እኅትን ከወልድያ አስመጥቶ እዚያ ለጥቂት ቀናት መገናኘት ይቻላል።

የጉዞው ወቅት የወጪውን መጠን ከየትኛውም ነገር በላይ ይወስናል። ታኅሣሥ 29 ቀን ከሚከበረው ገና አንሥቶ እስከ ጥር 11 ጥምቀት ድረስ፣ እንደዚሁም በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ክረምት፣ ከዓረብ አገሮች ደግሞ በዒድ ሰሞን የትኬት ዋጋ ይሰቀላል። ጥር በተጨማሪ የሠርግ ወር ነው፤ በዚያ ወር የገባ ዲያስፖራ የዘመድ፣ የጎረቤትና የአብሮ አደግ ሠርግ ላይ በባዶ እጅ መገኘት አይችልም፣ መቅረትም ያስቀይመዋል። በዚህ ምክንያት አቅሙ ውሱን ለሆነ ሰው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ይደርቃል፣ በሀብሩ ቆላ ማሽላው ይደርሳል፣ የትኬቱም ዋጋ ገና አልናረም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ በክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ ለእንግዳው በግ የማረድ ጉዳይ በራሱ ጊዜ ይዘገያል፤ ይህ እንደ ብልጠት የሚቆጠር ከሆነ ቢያንስ ማንንም የማያስከፋ ብልጠት ነው። ነሐሴን የሚመርጥ ሰው በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባሉትን የልጃገረዶች በዓላት ያገኛል፤ ነገር ግን ዝናቡ የገጠሩን መንገድ ጭቃ ስለሚያደርገው ዘመዶቹ ከዋናው አስፋልት ርቀው የሚኖሩበት ሰው ሊቸገር ይችላል።

ለትኬቱ ገንዘብ ማጠራቀሚያ በስደተኛው መካከል የተለመደው ዕቁብ አሁንም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ዕጣው ከጉዞው ሦስት ወይም አራት ወር ቀድሞ እንዲወጣ አስቀድሞ ከአባላቱ ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ትኬቱ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ገንዘቡ ሳይኖር፣ ገንዘቡ በተገኘበት ጊዜ ትኬቱ ተወድዶ ይገኛል። ርካሽ ትኬት ሲመረጥም ዋጋው ብቻውን አይታይም፤ የሚፈቀደው ኪሎ፣ ቀን ለመቀየር የሚጠየቀው ቅጣትና በመሸጋገሪያ አገር የሚታደርበት ሁኔታ አብረው ይመዘናሉ። ዓለም አቀፉን በረራ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ያደረገ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራ ትኬትን በቅናሽ ዋጋ ስለሚያገኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ላሊበላ ለመብረር ያሰበ ሰው የሁለቱን ድምር ማነጻጸር አለበት።

ሻንጣውን በተመለከተ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነገር አደራ ነው። አንድ ሰው ወደ ወሎ ሊሄድ መሆኑ እንደተሰማ የአካባቢው ልጆች ለእናት ጫማ፣ ለወንድም ስልክ፣ ለአራስ ልብስ እያሉ ዕቃ ማምጣት ይጀምራሉ፤ አደራ መቀበል የወግ ጉዳይ በመሆኑ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ የትርፍ ኪሎው ክፍያ ግን የሚወድቀው በተሸካሚው ላይ ነው። ተጓዡ አንደኛውን ሻንጣ ለራሱ፣ ከሌላኛው ደግሞ የተወሰነ ኪሎ ለአደራ መድቦ ያንኑ ለሁሉም አስቀድሞ ቢናገር ቅሬታ ይቀንሳል። የታሸገን ዕቃ ሳይከፍቱና ሳያዩ መቀበል ግን በምንም ምክንያት አይገባም፤ በዓረብ አገሮችም ሆነ በቦሌ ጉምሩክ ተጠያቂ የሚሆነው ሻንጣው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ብዛት ያለው ስልክ ወይም ልብስ ለንግድ እንደገባ ተቆጥሮ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ አይገባም።

ከአዲስ አበባ ወልድያ በደሴ መንገድ ወደ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን ተከትሎ ደሴ ይገባል፤ ከደሴ በኋላ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳና ሲሪንቃ እየተከታተሉ ይመጣሉ። መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድማ ስለምትገኝ የሀብሩ ሰው ወልድያ ደርሶ በሌላ ትራንስፖርት ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልገውም፤ ሻንጣው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወይም ከሆዱ ውስጥ ከሥር እንዳይቀበር ሲጫን ለረዳቱ «መርሳ ወራጅ ነኝ» ብሎ መናገር ብቻ ይበቃዋል። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ቀሪውን 145 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ይጨርሳል። የላሊበላው በረራ በካርታ ላይ ቅርብ ቢመስልም ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ተራራማና ረጅም ስለሆነ ላሊበላን ለመሳለም ላሰበ ሰው ካልሆነ በቀር አይመረጥም። በምሽት ቦሌ ያረፈ መንገደኛ ያንኑ ሌሊት መንገድ ለመጀመር መቸኮል የለበትም።

ስለ ጸጥታው ሳይናገሩ ይህን መንገድ መግለጽ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት ተይዛ ቆይታለች፤ ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ ከዜና ይልቅ በዚያው ሳምንት ከተጓዘ ሰው፣ በተለይም ከአሽከርካሪዎችና ከመናኸሪያ ሠራተኞች መጠየቅ፣ በቀን ብቻ መጓዝ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢታደር የሚበቃ ገንዘብ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። በአውሮፓ የሚኖር ሰው የገዛው የጉዞ ኢንሹራንስ የሚኖርበት መንግሥት «አትሂዱ» ባለው አካባቢ ላይሠራ እንደሚችልም ማረጋገጥ አለበት።

የገንዘብ ነገር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ተለውጧል። ብር ከዋጋው እየቀነሰ በመሄዱ የያዙትን ዶላር ወይም ሪያል በመጀመሪያው ቀን በሙሉ መመንዘር አይመከርም፤ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የምንዛሪ ቢሮ እየመነዘሩ ደረሰኙን ማስቀመጥ ይሻላል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመዞር ያድናል፤ ኔትወርክ በሚቋረጥበት ቀን ግን አይሠራምና ጥቂት ጥሬ ብር በቤት መኖር አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የደጃፉ ወጪ ነው። በወሎ ከስደት የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መዝናናት ሳይሆን ለቅሶ መድረስ ነው። ሰዎች በስደት ያለን ዘመድ ላለማስደንገጥ መርዶን ስለሚደብቁ፣ ተጓዡ አንዳንድ ሞት የሚሰማው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጦርነቱ ባለፈበት አካባቢ ደግሞ የሚደረሰው ቤት ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ወይም አምስት ቀናት ያለ ምንም ሌላ ዕቅድ ለዚህ ይተዉ። ከዚያ ለአያት፣ ለአክስት፣ ለክርስትና ልጅ፣ ለጎረቤት የሚሰጠው፣ በሙስሊሙ ቤት ለዱዓና ለወዳጃ፣ ማለትም ለኅብረት ጸሎት የሚወጣው፣ በሁለቱም ወገን ለቅሬ፣ ማለትም በወሎ ለሚታወቀው የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር የሚዋጣው ይከተላል። ጠቃሚው አሠራር ከመነሣቱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የቤቶቹን ስም ጽፎ በየስሙ አንጻር መጠኑን ማስፈር፣ ከዚያም ዝርዝሩን የቤተሰቡን ወግ ለሚያውቅ አንድ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ለታላቅ እኅት፣ በስልክ አንብቦ ማሳረም ነው፤ የተረሳ ስም የሚያመጣው ቅያሜ ከተቀነሰ ብር ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለውና። ለብዙ ሰው ጥሬ ብር ከመበተን ይልቅ ለቅሬው አንድ ድንኳን ወይም ወንበሮች መግዛት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። የቤት መሥሪያ ቦታ፣ የባጃጅ ግዢ፣ የሱቅ መክፈቻ ጥያቄዎች መምጣታቸው አይቀርም፤ ለዕረፍት የመጣ ሰው እንዲህ ያለውን ውሳኔ በዚያ ጉዞ ላይ ባያደርግ ይመረጣል፣ «ተመልሼ አስቤበት እደውላለሁ» የሚለው መልስም በማንም ዘንድ እንደ ነውር አይታይም።

የመርሳ፣ የቆቦና የሌሎች ቆላማ ስፍራዎች ሙቀት ወልድያ ከተማ ካለው የበለጠ ሲሆን በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል፤ በውጭ የተወለዱ ልጆችን ይዞ የሚሄድ ሰው ስለ መከላከያው ሐኪም ያማክር፣ አጎበርም ይያዝ። ከኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከመሳሰሉት አገሮች የሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ለመዝናኛ የሚቀረው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም አካባቢው በትንሽ ገንዘብ የሚያስደስት ነው፤ የመርሳን ማንጎና ፓፓያ ከገበያ ገዝቶ መብላት፣ ሐይቅ ወርዶ መዋል ወይም በወልድያ የመቻሬውን ስታዲየም ማየት ከባጃጅና ከሚኒባስ ክፍያ ብዙ አይበልጥም።

የመመለሻው ቀን ሲቆረጥ የአውሮፕላኑን ሰዓት ብቻ ማየት ለብዙዎች የሥራ ውላቸውን ማጣት አስከትሎባቸዋል፤ መንገዱ ሁለት ቀን ቢዘጋ በረራው ያልፋል፣ የመመለሻ ቪዛውም ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ከወልድያ የሚነሡበት ቀን ከበረራው ቢያንስ ሦስት ቀን ይቅደም፤ ለመመለሻ መንገድ፣ ለአዲስ አበባ አልጋና ለትኬት ቅጣት የሚሆነው ገንዘብም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተለይቶ፣ ማንም ሳያውቀው፣ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ።