በድረ ገጽ መሸጥ፤ ከማስታወቂያ በፊት መታመን



ንግድ ለእኛ እንግዳ ሙያ አይደለም። በመርካቶም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች ብዙዎቻችን ያደግነው በአባት ወይም በአጎት ሱቅ ውስጥ ሚዛን ሲነሳና ሲወድቅ እያየን ነው። እንግዳ የሆነብን የመሸጫው ቦታ ነው። ዛሬ ጅልባብ የምትሰፋ እህት ከቤቷ ሳትወጣ፣ ቅመም የሚያዘጋጅ ወንድም ሱቅ ሳይከራይ በኢንተርኔት መሸጥ ይችላሉ። ይህ ትንሽ ዋና ገንዘብ ላለው ሰው ትልቅ በር ነው። ይሁንና ብዙዎች ያጠራቀሟትን ገንዘብ ለሚያምር ድረ ገጽና ለማስታወቂያ አፍስሰው ገዢ ሲያጡ፣ “ይህ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም” ብለው ሲተዉት አያለሁ።

በበኩሌ ችግሩ ከኢንተርኔቱ ሳይሆን ከመታመን ላይ ነው እላለሁ። በሱቅ ገዢው ጨርቁን ይዳስሳል፣ ቅመሙን ያሸታል፣ የሻጩን ፊት ያያል። በድረ ገጽ ላይ ይህ ሁሉ የለም። እንግዲህ የድረ ገጽ ሥራ ምንድን ነው ቢባል፣ የገዢውን እጅና ዓይን መተካት ነው። ማስታወቂያ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከጀመሩ ወንድሞችና እህቶች ጋር ተቀምጬ ካየሁት በመነሳት ነጥቦቹን በየተራ ላቅርብ።

የራስ ሱቅና የሰው መደብ

ለመሆኑ ቴሌግራምና ፌስቡክ በነፃ እያሉ ድረ ገጽ ለምን አስፈለገ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ያለፉት ዓመታት ራሳቸው ሰጥተውናል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠው ነበር። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ያለ ቪፒኤን እንዳይከፈቱ ተደርገው ቆይተዋል። ያ ጊዜ ረመዳንንና ሁለቱን ዒዶች ያካተተ እንደነበር ልብ በሉ። ለልብስ ነጋዴ ከዚህ የሚበልጥ የገበያ ወቅት የለም።

በእነዚህ ቦታዎች መሸጥ በሰው መደብ ላይ ዕቃ እንደ መዘርጋት ነው። ገበያተኛው ብዙ ነው፣ ኪራዩም አይከብድም፤ ግን ባለ መደቡ ሲዘጋ አብሮ መዘጋት አለ። ድረ ገጽ በሩን ራስ የሚከፍቱት ሱቅ ነው። ይህ ማለት ቴሌግራሙን እንተው ማለት አይደለም። ቴሌግራም መንገድ ይሁን፣ ድረ ገጹ ሱቅ ይሁን ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም ክረምት እንደሆነው ኢንተርኔቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ደግሞ ድረ ገጽም አያድንም። ስለዚህ የደንበኞችን ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው በደብተር መዝግቦ መያዝ ከሁሉም በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ስሙ የተመዘገበው በማን ነው?

ድረ ገጽ ለመክፈት ሁለት ነገር ይገዛል። አንደኛው የድረ ገጹ ስም ወይም ዶሜይን ሲሆን፣ ሁለተኛው ገጹ የሚቀመጥበት ሆስቲንግ ነው። ሁለቱም የሚታደሱት ጊዜ ተቆጥሮላቸው ነው። ስሙ በወቅቱ ካልታደሰ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ጉዳይ አለ። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ስሙን በራሱ ኢሜይልና በራሱ መለያ ያስመዘግባል። በኋላ ባለሙያው አገር ሲለቅ ወይም ሲጣሉ ባለ ሱቁ የራሱን ሱቅ ቁልፍ ያጣል። ስለዚህ ስሙ በነጋዴው ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉም በእጁ ይሁን። ውሉም በጽሑፍ ይደረግ። የሱቅ ኪራይ ውል ያለ ምስክር የማይፈርም ነጋዴ፣ ለድረ ገጹ ሲሆን በቃል ብቻ መስማማቱ ያስገርመኛል።

የመሥሪያው ፕሮግራም ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ በ2003 የወጣው ወርድፕረስ በነፃ የሚገኝ ነው። በእሱ ላይ የሚጫነውና እ.ኤ.አ በ2011 የወጣው ዉኮሜርስ የተባለው የመሸጫ ክፍልም እንዲሁ መሠረቱ ነፃ ነው። የገዢው መረጃ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚጠብቀው የምስክር ወረቀት፣ ማለትም በአንዳንድ የኢንተርኔት ማሰሻዎች በአድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ሆኖ የሚታየው፣ ከነፃ አቅራቢዎች ማግኘት ይቻላል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚወጣው ለስሙ፣ ለሆስቲንጉና ለባለሙያው ድካም ነው። ለሚዞሩና ለሚያብለጨልጩ ሥዕሎች ብዙ የሚያስከፍል ሰው ሲመጣ “ይህ ስንት ተጨማሪ ጅልባብ ይሸጥልኛል?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከክምሩ ሥር ያለውን ማሳየት

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውን፣ እርጥቡም ሰው እንዲያየው ከላይ መሆን እንደነበረበት ለሻጩ መናገራቸውን የማያውቅ ሙስሊም ነጋዴ ጥቂት ነው። በድረ ገጽ ላይ የክምሩ ላይኛው ክፍል ፎቶግራፉ ነው። ከሥር ያለው ደግሞ ሞተረኛው ለገዢው የሚያስረክበው ዕቃ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ነገሩ ያው የእህሉ ነገር ነው።

ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ፎቶ መለጠፍ በጣም ተለምዷል። የቱርክ ፋብሪካ ያነሳውን አባያ አሳይቶ በሰፈር የተሰፋውን መላክ ማታለል ነው፤ የሰፈሩ ልብስ ጥሩ ቢሆንም እንኳ። መፍትሔው ቀላል ነው። ያለውን ዕቃ በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ በስልክ ካሜራ ማንሳት በቂ ነው። አንዱ ፎቶ ሙሉውን ያሳይ፣ ሁለተኛው ስፌቱን በቅርብ፣ ሦስተኛው ጉድለት ካለ ጉድለቱን።

ከፎቶው ቀጥሎ ቃሉ ይመጣል። “ምርጥ ጥራት” የሚለው ቃል ለገዢዋ ምንም አይነግራትም። ከትከሻ እስከ ጫፍ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ጨርቁ ምንድን ነው? ብርሃን ላይ ሲቆሙ ያሳያል? ሲታጠብ ቀለም ይለቃል? በሱቅ ውስጥ ገዢዋ በእጇ የምትመልሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ደንበኛ ደውሎ የጠየቀውን ሁሉ በማስታወሻ መያዝና መልሱን ገጹ ላይ መጻፍ ያለ ክፍያ የሚገኝ ምርጥ የገበያ ጥናት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ብዙ ሜጋ ባይት ይመዝናል። አሥር እንዲህ ያለ ፎቶ የያዘ ገጽ የገዢውን የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል፣ ለመከፈትም ይዘገያል። እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎ ባይት አካባቢ ማሳነስ ለስልክ ዓይን ልዩነት አያመጣም። የሰውን ብር በከንቱ አለማስወጣትም ከደንበኛ አክብሮት ይቆጠራል።

ከእጅ የሌለውን ስለ መሸጥም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አንዳንዶች የሌላ ነጋዴ ፎቶ ለጥፈው፣ ገንዘብ ተቀብለው፣ ከዚያ በኋላ ዕቃውን ፍለጋ ይወጣሉ። በሃይማኖታችን የሌለን ዕቃ መሸጥ መከልከሉ ይታወቃል። በትዕዛዝ መስፋትና ዋጋ አስቀድሞ ተቀብሎ በቀጠሮ ማስረከብ ግን የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ልኩ፣ ዓይነቱና ቀኑ ተለይቶ መታወቅ አለበት። የእያንዳንዱን ዝርዝር ከዑለሞች መጠየቅ ይገባል። ገጹ ላይ ግን “በእጅ ያለ” እና “በትዕዛዝ በ7 ቀን የሚሰፋ” የሚሉትን ለያይቶ መጻፍ ለማንም የማይከብድ ነው።

ዋጋውን ጻፉት

“ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚለው ልማድ ገበያችንን እየጎዳው ነው። ነጋዴዎች ተፎካካሪ ዋጋችንን እንዳያይ ነው ይላሉ። ተፎካካሪ ግን እንደ ገዢ ሆኖ በመጠየቅ በሁለት ደቂቃ ያገኘዋል። የሚቀረው ዓይን አፋሯ ገዢ ናት። ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ “ሰው ታይቶ ነው የሚተመንልኝ” የሚል ጥርጣሬ ያሳድርባታል። በመርካቶ መከራከር አለ፤ ሻጩና ገዢው ፊት ለፊት ናቸውና እየተሳሳቁ ይስማማሉ። በስልክ መስታወት ላይ ግን ያ ጨዋታ የለም። ዋጋው፣ የማድረሻው ሒሳብና የመመለሻው ደንብ በአንድ ገጽ ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ገዢው በምን ፊደል ይፈልጋል?

ይህ ብዙ ባለሙያዎች የሚዘነጉት ነው። አንዷ “ሂጃብ” ብላ ትፈልጋለች፣ ሌላዋ “ሒጃብ”፣ ሦስተኛዋ በላቲን ፊደል ትጽፈዋለች። “ጅልባብ” እና “ጂልባብ”ም እንዲሁ። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መፈለጊያው ሁልጊዜ አንድ መሆናቸውን ያውቅልናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ በዕቃው መግለጫ ውስጥ ሰዎች የሚጽፉባቸውን መንገዶች በተፈጥሯዊ አነጋገር ማስገባት ይጠቅማል። ቃላቱን ያለ ቅጥ መደርደር ግን ገጹን ያበላሻል፣ መፈለጊያዎችም አይወዱትም።

ሌላው፣ ስምና ዋጋን በፎቶ ላይ ብቻ አስጽፎ መለጠፍ ነው። ጉግል በዋናነት የሚያነበው በገጹ ላይ የተጻፈውን ጽሑፍ ነው። ቋሚ ሱቅ ያለው ደግሞ ቦታውን በጉግል ካርታ ላይ በነፃ ማስመዝገብ ይችላል። “በአቅራቢያዬ” ብሎ የሚፈልግ ሰው ከሁሉም በላይ ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ነው።

የማስታወቂያው ሒሳብ

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንምጣ። አንድ ነጋዴ 3000 ብር ለማስታወቂያ ከፈለ እንበል። በዚህም 300 ሰው ወደ ገጹ ገባ። ከ100 ሰው 2ቱ ቢገዙ፣ ገዢው 6 ነው። አንድ ገዢ ለማግኘት 500 ብር ወጣ ማለት ነው። ከአንድ ልብስ የሚተርፈው 400 ብር ከሆነ ከስድስቱ የሚገኘው 2400 ብር ነው፤ 600 ብር ከሰረ።

ያው ነጋዴ ማስታወቂያውን ሳይጨምር ፎቶውን አስተካክሎ፣ ልኩንና ዋጋውን ጽፎ፣ ከ100 ሰው 4ቱ ቢገዙስ? ገዢው 12 ይሆናል። ትርፉ 4800፣ ማስታወቂያው ሲቀነስ 1800 ብር ተረፈ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። የሚያፈስ እንስራ ውኃ በመጨመር አይሞላም።

ወቅትንም ማወቅ ያስፈልጋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ ያምናውን ቀን ይዞ መዘጋጀት ያዘናጋል። አዲስ ገጽ በመፈለጊያዎች ላይ እስኪታወቅ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የዒድ ልብስ ገጽ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይውጣ።

ክፍያ፣ ማድረስና መመለስ

ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ቴሌብር፣ ከዚያም ሌሎች የስልክ ክፍያዎች መምጣታቸው ትልቅ እፎይታ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ፊርማ ሕጋዊ ተቀባይነት ሰጥቷል። ስለዚህ በገጹ ላይ የተጻፈ ቃል ቀልድ አይደለም። ይሁንና አዲስ ገዢ ሙሉውን አስቀድሞ ክፈል ሲባል ቢሸሽ አይፈረድበትም። ለተዘጋጀ ዕቃ ሲደርስ መክፈል፣ ለሚሰፋ ቀብድ መቀበል መካከለኛ መንገድ ነው።

በከተሞቻችን ብዙ ቤት በመንገድና በቁጥር አይገኝም። የማዘዣ ቅጹ “በአቅራቢያ የሚታወቅ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ሱቅ” የሚል ቦታ ይኑረው። በሳዑዲ፣ በዱባይ ወይም በዋሽንግተን ያለ ልጅ ለእናቱ የዒድ ልብስ ሲያዝ ደግሞ “3 ሰዓት” የሚለው ለእሱ ሌላ ሰዓት ሊሆን ይችላል። “ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር” ብሎ መጻፍ ጭቅጭቅ ያስቀራል። የጁሙዓ ሰዓት ስልክ የማይነሳ ከሆነም በግልጽ ይነገር፤ ገዢው ተሰወሩብኝ እንዳይል።

መመለስን በተመለከተ፣ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለው ጥቅስ በሱቅ ግድግዳ ላይም አያምርም። ገዢው አይቶ ላልገዛው ዕቃ ደግሞ ጭራሽ ፍትሐዊ አይደለም። ያላየውን የገዛ ሰው ሲያየው የመምረጥ መብት እንዳለው የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ያስተማሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሦስት ቀን የመመለሻ ጊዜ መስጠት ያስከስራል የሚሉ አሉ። ልኩንና ፎቶውን በእውነት ላስቀመጠ ሰው ግን የሚመለስበት ዕቃ ትንሽ ነው።

ከምን ይጀመር?

መቶ ዕቃ አያስፈልግም። አሥር ዕቃ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት እውነተኛ ፎቶ፣ ልክ፣ ዋጋ፣ አድራሻና ስልክ፣ እንዲሁም የመመለሻ ደንብ ይበቃል። አንድ ወር ለዘመድና ለጎረቤት ይታይ፣ የሚጠየቀው ይመዝገብ፣ ገጹ ይታረም። ማስታወቂያ ከዚያ በኋላ ይከፈል።

አንድ የተታለለ ገዢ የሚርቀው ከአታለለው ሻጭ ብቻ አይደለም። “በኢንተርኔት አልገዛም” ብሎ ከሁላችንም ይርቃል፣ ቤቷ ውስጥ በሐቅ ከምትሰፋዋ እህትም ጭምር። አባቶቻችን በቃላቸው ብቻ ከከተማ ከተማ ዕቃ ያለ ደረሰኝ ይላላኩ ነበር። ያንን መታመን ወደ አዲሱ ገበያ ይዞ መግባት የእኛ ድርሻ ነው።