በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ቾክ ጉድለቱ የሚመረመርበት መንገድ

የአሶሳና የአካባቢዋ ማንጎ፥ ሰሊጥና ለውዝ በባምባሲ፥ በመንዲና በነቀምት አድርጎ እስከ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ማንጎ ከተለቀመ በኋላ ቀን የማይጠብቅ ፍሬ ስለሆነ፥ በማለዳ አልነሣ ያለ ወይም ጥቁር ጢስ እያጨሰ በመንገድ የቆመ መኪና ባለእርሻውን ብርቱ ጉዳት ያገኘዋል። በዚህም ጊዜ ካርቡራተሩ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ እንዲገዛ ይታዘዛል፤ ነገር ግን ሲመረመር ጉድለቱ የአንድ ሽቦ መላቀቅ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቾክ በካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለች ቀጭን መዝጊያ ናት። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በደንብ ስለማይተን፥ መዝጊያይቱ አየሩን ቀንሳ ቤንዚኑን ታበዛለች። በኤሌክትሪኩ ቾክ ውስጥ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ጥቅል ሞላ አለ፤ ሁለቱ ብረቶች በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን ልዩ ልዩ ስለሆነ፥ ኤሌክትሪክ ሲያሞቀው ሞላው ይላላል፥ መዝጊያይቱም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትከፈታለች። በኢትዮጵያ በሰፊው የታወቀው ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ እንዲህ ያለ ቾክ ነበረው።

አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ድብልቁ ያለ ቾክም ወደ ቤንዚን ያደላል። ወደ ኩርሙክ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ፥ ቾክ የሚያስፈልገው ለጥቂት ጊዜ ነው። መዝጊያይቱ ተዘግታ የቀረች እንደሆነ፥ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይቱን ያጥባል፥ ወደ ታችም ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፤ የሞተሩም ዕድሜ ያጥራል።

ምርመራው በዚህ ተራ ይፈጸማል።

አንደኛ፤ በማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ የአየር ማጣሪያው ይነሣ፤ የቤንዚን ፔዳል አንድ ጊዜ ሲረገጥ መዝጊያይቱ ራስዋ መዘጋት አለባት። ካልተዘጋች፥ አቧራ ይዟት ወይም ሞላው ተሰብሮ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መዝጊያይቱ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ተዘግታ ከቆየች፥ የትንሽ አምፖል አንዱ ሽቦ በቾኩ ሽቦ ጫፍ፥ ሁለተኛው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይደረግ። አምፖሉ ካልበራ ጉድለቱ በፊውዙ ወይም በሽቦው ነው።

ሦስተኛ፤ አምፖሉ በርቶ ሳለ የቾኩ ክዳን የማይሞቅ ከሆነ፥ ማሞቂያው ተቃጥሏል ወይም ከሞተሩ ብረት ጋር ያለው ግንኙነት ዝጓል። አዲስ ማሞቂያ ሲገዛ 6 ወይም 12 ቮልት መሆኑ ይታይ፤ የ6 ቮልቱ በ12 ቮልት ላይ ቢገባ ቶሎ ይቃጠላል።

አራተኛ፤ ሁሉ ደኅና ሆኖ መዝጊያይቱ ብትዘገይ፥ የቀድሞው ስፍራ በምልክት ተይዞ፥ ሦስቱ ብሎኖች ላላ ተደርገው ክዳኑ በጥቂት በጥቂቱ ይዙር።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ሲጋራም ሆነ ማናቸውም እሳት ወደ ካርቡራተሩ እንዳይቀርብ ጥብቅ ጥንቃቄ ይደረግ። መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ መዝጊያይቱን በሽቦ ከፍቶ አስሮ መጓዝ ይቻላል፤ በማለዳ መነሣቱ ግን ያስቸግራል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ የሩብ ሰዓት ምርመራ የገበሬውን የወራት ድካም ከመበስበስ ያድናል።