የመስከረም የጓሮ አትክልት፤ መሬት ከመቈፈር በፊት ውኃን መለካት

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበትና ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ በሚለብስበት ወራት የገበሬው ዐይን የሚያርፈው በማሳው ላይ ነው። ጤፉ መታረም አለበት፤ በቆሎው ከዝንጀሮና ከወፍ መጠበቅ አለበት። ከቤቱ በስተ ጀርባ ያለው ጓሮ ግን ዐረም ውጦት ዶሮ ሲጭረው ይታያል። ሆኖም በወይና ደጋ አገር አትክልት ለመጀመር ከመስከረምና ከጥቅምት የሚሻል ወር የለም። መሬቱ የክረምቱን ርጥበት ገና አልጨረሰም፤ ፀሐዩም በዝቷል። ቲማቲምንና ድንችን በክረምት አጠውልጎ የሚያጠቍረው፥ ገበሬው «ምች መታው» የሚለው የቅጠል በሽታም ዝናቡ ሲያቆም ኀይሉ ይቀንሳል። በመስከረም መጀመሪያ የተዘራ ቆስጣ በኅዳር ለወጥ ይደርሳል። ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ደግሞ ከጥር ጀምሮ ስለሚለቀሙ ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቱ ባዶ አይሆንም።

ይህን ሁሉ የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የውኃ ጉዳይ ነው። በመስከረም መሬቱ ርጥብ ስለ ሆነ ማንም ሰው ትልቅ ጓሮ ለመቈፈር ይደፍራል። ኅዳር ሲገባ ግን ጓሮው ይጠማል።

እኔ ራሴ ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ በጎጃም በአንድ ወይና ደጋ ቀበሌ በልማት ሠራተኛነት በተመደብሁበት በመጀመሪያው ዓመት፥ ባላቸው ለሞተባቸው አንዲት ወይዘሮ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ጓሮ ለካሁላቸው። ገመድ ወጥሬ፥ ችካል ተክዬ፥ መደቡን ቀጥ አድርጌ ሳበጅ ያየ ሁሉ አመሰገነኝ። ችግኙም ደኅና አድርጎ ያዘ። በኅዳር መጨረሻ ተመልሼ ስመጣ ግን ግማሹ ደርቋል፤ ግማሹ ለምለም ነው። «እናቴ፥ ይህን ግማሹን በምን አቆዩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጅቱ ናት ከወንዝ እየቀዳች ያቆየችው። ከጥቅምት ወዲህ ተማሪ ቤት አልሄደችም፤ ምን ላድርግ ልጄ፥ አንተ የተከልኸው እንዳይደርቅብን ብለን ነው» አሉኝ። በዚያ ማታ እርሳስና ወረቀት ይዤ፥ ከመቈፈሬ አስቀድሞ ልሠራው ይገባኝ የነበረውን ሒሳብ ሠራሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በበጋ ወራት በአትክልት የተሸፈነ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን ወደ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ችግኙ ትንሽ ሳለ ከዚህ ያነሰ፥ በየካቲትና በመጋቢት ነፋስና ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይሆናል፤ ለማቀድ ግን 5 ሊትር ብሎ መያዝ ይበቃል። እንግዲህ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አራት ካሬ ሜትር ያጠጣል ማለት ነው። እኔ የለካሁት ጓሮ መቶ ካሬ ሜትር ነበርና በየቀኑ 500 ሊትር፥ ማለት 25 ጀሪካን ይፈልግ ነበር። ይህን አንዲት ልጅ ቀርታ አህያ ያለው ሰው እንኳ በየቀኑ አያመላልሰውም።

በዓመቱ መስከረም እያንዳንዳቸው 1 ሜትር በ4 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች ብቻ ከማድቤቱ በር አጠገብ አበጀን። የሚጠጡትም የቤቱን እጣቢ ነበር። መደቦቹ እስከ ሚያዝያ ሳይደርቁ ቆዩ፤ ለቤቱም በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የሚሆን ወጥ አልጠፋም። ልጅቱ ተማሪ ቤቷ ተመለሰች፤ ነገር ግን ከእኩዮቿ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ቀርታለች።

ውኃችሁን እንዴት ትለካላችሁ?

ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት ለሦስት ቀን ያህል ከቤታችሁ የሚደፋውን ውኃ በአንድ ዕቃ አጠራቅሙ። አትክልትና እህል የታጠበበት፥ ዕቃ የተለቀለቀበት፥ እጅና እግር የታጠበበት ሁሉ ይቈጠር። በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚሆን ካወቃችሁ በአራት አባዙት፤ የጓሮአችሁ ስፋት በካሬ ሜትር ይኸው ነው። ሁለት ጀሪካን ቢገኝ ስምንት ካሬ ሜትር ነው። ምንጭ ወይም የእጅ ጕድጓድ በደጃችሁ ካለ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ የጕልበታችሁን ያህል ማስፋት ትችላላችሁ።

እጣቢ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥቂት ሳሙና የነካው ውኃ አይጐዳም፤ ይሁን እንጂ በየጊዜው ንጹሕ ውኃ እያፈራረቁ ማጠጣት ይገባል። የዱቄት ሳሙና የበዛበትና በረኪና የገባበት ግን መሬቱን ስለሚያበላሽ ወደ መደብ አይፍሰስ። የሕፃን መጸዳጃ ጨርቅ የታጠበበትን ውኃ ከአትክልት አርቁ። እጣቢ የሚፈስሰው በሥሩ ላይ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይደለም። እንደ ሰላጣና ካሮት ያለ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ንጹሕ ውኃ ብቻ ይጠጣ።

ለበጋ የሚሠራ መደብ እንደ ክረምቱ ከፍ ያለ አይሁን። በክረምት መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ የምናደርገው ውኃ እንዳይተኛበት ነው። በበጋ ግን ከመተላለፊያው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ዙሪያው ክትር ቢኖረው የተሰጠውን ውኃ ሳያባክን ይይዛል። ከዚያም በላዩ ላይ ጕዝጓዝ ይደረግበታል። የጤፍ ጭድ ጥሩ ጕዝጓዝ ነው የሚሉ መጻሕፍት አሉ፤ እኔ ግን ለከብት የሚበላውን ጭድ ለመሬት አብሉ ብዬ ገበሬን አልመክርም። ዘር ያላፈራ ዐረም፥ ደረቅ ሣርና የሙዝ ቅጠል ይበቃል። ማጠጣትም በማለዳ ወይም ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ በቀትር የሚደፋው ውኃ አብዛኛው በከንቱ ይተንናል።

ምን ይተከል?

መደቡ ትንሽ ሲሆን ምርጫው ከባድ ይሆናል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ቲማቲምን ነው፤ እኔ ግን ግማሹን መደብ ለቆስጣና ለሐበሻ ጎመን ስጡ እላለሁ። ምክንያቱም እነዚህ ከሥራቸው አይነቀሉም። ከውጭ በኩል ያሉት ትልልቅ ቅጠሎች እየተቀነጠቡ መኻሉ ሲተው ለብዙ ወራት ይሰጣሉ። ሁለተኛው ምክንያት የልጆች ዐይን ነው። ምሽት ሲሆን መንገዱ የሚጠፋበት፥ በገና በርጩማ የሚደናቀፍ ልጅ ዳፍንት ይዞታል ይባላል። ይህ ቪታሚን ኤ ከማጣት የሚመጣ ነው፤ ሲብስም ዐይን ያጠፋል። ቅጠሉ ጥቍር አረንጓዴ የሆነ ጎመንና ቆስጣ፥ ካሮት፥ ዱባ፥ ፓፓያና ማንጎ ይህን ይከላከላሉ። በጥቂት ዘይት ቢሠሩ ሰውነት የበለጠ ይጠቀምባቸዋል። ዳፍንት የታየበትን ልጅ ግን ጎመኑ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከቀረው ግማሽ ላይ ካሮትና ቀይ ሽንኩርት፥ በጫፉም ጥቂት ቲማቲም ይግባ። ከሽንኩርት አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ፥ ከቲማቲም መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ፥ ከበርበሬ ማረቆ ፋና በአገራችን የታወቁ ዝርያዎች ናቸው።

ችግኝ ስለ ማፍላት

ለስምንት ካሬ ሜትር ጓሮ አንድ ካሬ ሜትር የችግኝ መደብ ይበቃል። አፈሩ ደቅቆ፥ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ተከምሮ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበት። ትኩስ ፍግ ችግኙን ያቃጥላል፤ ካሮትንም ሥሩን እንደ ጣት ይከፋፍለዋል።

ዘሩን ከመዝራታችሁ በፊት ፈትኑት። 20 ፍሬ ቈጥራችሁ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ባለ ስፍራ አኑሩ። በሳምንት ከ14 በታች ከበቀለ ዘሩ ደክሟልና ሌላ ፈልጉ፤ ሌላ ከጠፋ አብዝታችሁ ዝሩ። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ስለሚደክም ያለፈው ዓመት ትራፊ አያስተማምንም።

በመደቡ ላይ በ10 ወይም በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት መስመር አውጥታችሁ ዘሩን አሳስታችሁ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ጣሉት። አፈር መልሳችሁ በደረቅ ሣር ሸፍኑና በቀስታ አጠጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሣሩ ቡቃያው ብቅ ማለት እንደ ጀመረ ወዲያው መነሣት ሲገባው «ጥላ ይሁንለት» ተብሎ ይተዋል፤ ያን ጊዜ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ እየቀጠነ ወጥቶ ይወድቃል። ሣሩ ተነሥቶ ከፍ ያለ ስስ ዳስ ይሠራለት። የተጠጋጋውንም አሳሱት።

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ለመዛወር ይደርሳል፤ ሽንኩርት ግን ከዚህ ጥቂት ይዘገያል። ከመዛወሩ ሳምንት ቀደም ብሎ ዳሱን እያነሣችሁ፥ ውኃውን እየቀነሳችሁ ፀሐይ አለማምዱት። የሚነቀል ዕለት ግን በማለዳ በደንብ አጠጡት፤ ከዐሥር ሰዓት በኋላም አዛውሩት። ጥቅል ጎመን በመስመር መካከል 60፥ በተክል መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ቲማቲም በመስመር መካከል አንድ ሜትር፥ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ በመደቡ ላይ ይዘራሉ፤ በተለይ ካሮት መዛወርን አይወድድም።

ስለ ተባይ

በጎመን ላይ ክሽክሽ ሲታይ ጥቂት ከሆነ ቅጠሉን ቈርጦ መቅበር፥ ከበዛ ጥቂት ሳሙና የሟሟበት ውኃ ከቅጠሉ በታች በኩል መርጨት ነው። ቈራጭ ትል ሌሊት ችግኙን ከግንዱ ይቈርጣል፤ በማለዳ በተቈረጠው ሥር አፈሩን ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ከገባች ወዲህ ቲማቲም ትልቅ ጠላት አግኝቷል። ትሏ ቅጠሉንም ፍሬውንም ትቦረቡራለች። የተመታውን ቅጠልና ፍሬ እየለቀሙ በጥልቀት መቅበር፥ ለቀማው ሲያልቅም አሮጌውን ተክል በማሳ አለመተው ያስፈልጋል። ቲማቲም፥ ድንች፥ በርበሬና ደበርጃን ዘመዳሞች ናቸውና አንዱ በነበረበት መደብ ላይ ሌላው አይከተል።

በገበያ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን ስሙ ያልተጻፈበት መርዝ ልጆቻችሁ በሚበሉት ጎመን ላይ አትርጩ። ምን እንደ ሆነ፥ ከተረጨም በኋላ ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

በክረምት ስለ ተተከለ የፍራፍሬ ችግኝ

ፍራፍሬ የሚተከለው ዝናቡ ሲገባ፥ በሰኔና በሐምሌ ነው። ጕድጓዱም በግንቦት 60 ሳንቲ ሜትር በጐኑም በጥልቀቱም ተቈፍሮ፥ የላይኛው አፈር ለብቻው ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ በመስከረም ሥራው መትከል ሳይሆን የተተከለውን ከመጀመሪያው በጋ ማሻገር ነው። ችግኝ የሚያልቀው በዚህ በጋ ነውና።

በመጀመሪያ ችግኙ ከነላስቲኩ ተተክሎ እንደ ሆነ መርምሩ። ይህ የሚያስቅ ይመስላል፤ ሆኖም በየዓመቱ አገኘዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ በጥንቃቄ ከጐኑ ቈፍራችሁ ላስቲኩን ቅደዱለት። ሁለተኛ፥ የተዳቀለ አቮካዶ ወይም ማንጎ ከሆነ የተዳቀለበት እባጭ ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ከእባጩ በታች የሚወጣው ቅርንጫፍ የበታቹ ግንድ ስለ ሆነ ወዲያው ይቈረጥ። ሦስተኛ፥ ዙሪያውን የውኃ መያዣ ክብ አበጁለት፥ ጕዝጓዝም አድርጉለት፤ ነገር ግን ጕዝጓዙ ከግንዱ አንድ ጋት ይራቅ፤ ከተጠጋ ግንዱን ያበሰብሰዋል።

አንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውኃ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ቢሰጠው በጋውን ያልፋል። ይህም ከዚያው ከቤቱ ውኃ የሚወጣ መሆኑን አትርሱ። በቀን ሁለት ጀሪካን ያለው ቤት በሳምንት 14 አለው፤ ሦስት ችግኝ ካለው 11 ይቀርለታል፤ መደቡም ከስምንት ወደ ስድስት ካሬ ሜትር ይወርዳል።

ለመጪው ክረምት የምታስቡ ደግሞ አገራችሁን እዩ። ማንጎ የቆላ ዛፍ ነው። አቮካዶ ወይና ደጋን ይወድዳል፤ ውኃ የሚተኛበት መረሬ መሬት ግን ሥሩን አበስብሶ ይገድለዋልና ጕብታ ላይ ካልሆነ አይተከል። ከዘር የበቀለው ለማፍራት ስድስት ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል፤ የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ይደርሳል። ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ከእነዚህ ይልቅ ፖም ይሻላል፤ ጨንቻ በዚሁ የታወቀች ናት።

ፓፓያ ቶሎ የሚያፈራ ነው፤ በሞቃት ስፍራ በዓመት ገደማ ይደርሳል። ወንድና ሴት ስላለው በአንድ ጕድጓድ ሦስት ችግኝ አንድ ላይ ይተከላል። ሲያብብ አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንዠርግጎ የሚወርደው ወንዱ ነው፤ ከግንዱ ተጠግቶ የሚያብበው ሴቷ ናት። ወንዶቹ ተነቅለው በየጕድጓዱ አንዲት ሴት ትቀራለች፤ ለዐሥር ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። ጓሮአችሁ ሁለት ሦስት ፓፓያ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፥ ወንዱ በጎረቤት ጓሮ እንዳለ አይታችሁ የእናንተን ንቀሉ።