የፕሮፔለር አውሮፕላን ለምን ይወድቃል? ከኦልድ ኤርፖርት እስከ ሳይቤሪያ

ከጥያቄው እንነሣ

ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ ቲንዳ በምትባል ከተማ አቅራቢያ አንድ አንቶኖቭ-24 አውሮፕላን በደን የተሸፈነ ኮረብታ ላይ ወድቆ 48 ሰዎች አለቁ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን አደገኛ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ጥያቄው ከልብ ነበር፤ እናቱ በዚያው ሳምንት በፕሮፔለር አውሮፕላን ወደ ጅማ ሊሄዱ ነበርና።

መልሱ አጭር ነው፦ ፕሮፔለር ብቻውን አውሮፕላን አይጥልም። አደጋ የሚደርሰው ብዙ ትንንሽ ነገሮች እንደ ሰንሰለት ሲያያዙ ነው። ከቀለበቶቹ አንዱ ቢበጠስ ኖሮ ብዙዎቹ አውሮፕላኖች በሰላም ባረፉ ነበር። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሰፈራችንና ፕሮፔለር

ኦልድ ኤርፖርት የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመው ዳግላስ ሲ-47 የተባለውን ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነበር። በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ የልደታው ሜዳ ስላልበቃቸው ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ።

ፕሮፔለር ግን አብሮ አላረጀም። ዛሬ ወደ ክልል ከተሞች የሚበሩት ኪው 400 አውሮፕላኖች ፕሮፔለር አላቸው። የሚያሽከረክረው ሞተር ግን ከጄት ሞተር ጋር አንድ ዘር የሆነ ተርባይን ነው። የሩሲያዎቹ አንቶኖቭ-24 እና አንቶኖቭ-26ም እንዲሁ። ይህ ዓይነቱ አውሮፕላን ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጄት በማይደፍረው አጭር ማኮብኮቢያም ያርፋል። ስለዚህም አስቸጋሪው ቦታ ሁሉ የእሱ ድርሻ ይሆናል። በአደጋ መዝገብ ላይ ስሙ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቀለበት፦ የሳሳ አየር

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር ጥግግቱ አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳ እንጦጦ ሲወጣ እንደሚያለከልክ ሁሉ ሞተርም ያለከልካል። ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የሚገፋው፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ይቀንሳል። በዚህ የተነሣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ሽቅብ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ፀሐይ ሲበረታ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል።

ደጋ ላይ ጭነት በኪሎ እየተቆጠረ የሚጫነው ለዚህ ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ችግር የሚነሣ ጭነት፣ በደጋ ሜዳና በቀትር ሙቀት ከማኮብኮቢያው ጫፍ በኋላ ያለውን ኮረብታ ላያሳልፍ ይችላል።

ሁለተኛው ቀለበት፦ ደመና የሸፈነው ተራራ

ብዙ ሕይወት የቀጠፈው ይህ ነው። ሞተሩ ይሠራል፣ ክንፉ ደህና ነው፣ አብራሪውም መሪውን ይዟል። ደመናው ውስጥ ግን ተራራ አለ።

የእኛን አገር ምሳሌ እንውሰድ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘበት ዕለት፣ አንድ ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጋምቤላ በኩል ወደ ፉኝዶ የሱዳን ስደተኞች መጠለያ አቀና። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ በረሃብ ጉዳይ ደጋግመው ወደ አገራችን የመጡት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ ነበሩ። የአየሩ ሁኔታ መጥፎ ነበር። አውሮፕላኑ ጠፋ፤ ስብርባሪው የተገኘው ከ6 ቀን ፍለጋ በኋላ በተራራ ገጽ ላይ ነው። 16ቱም ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ በሌላንድ ስም የሚጠራ ጎዳና አለ።

ትዊን ኦተር የአየር ግፊቱ የተጠበቀ ካቢን የለውም። ስለዚህ እንደ ትልልቆቹ ጄቶች ከ10,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ደመናውን ከእግሩ ሥር አያደርገውም፤ የሚበረው ዝናቡና ተራራው በሚገናኙበት ከፍታ ነው። ነሐሴ ደግሞ የክረምት እምብርት ነው።

አሁን ወደ ሩሲያ እንሻገር። በካምቻትካ ልሳነ ምድር ፓላና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። መስከረም 2 ቀን 2005 ዓ.ም. አንድ አንቶኖቭ-28 ሊያርፍባት ሲወርድ ተራራ ገጭቶ ከ14 ሰዎች 10 ሞቱ። ሰኔ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የዚያው አየር መንገድ አንቶኖቭ-26 ወደዚያችው ከተማ ሲወርድ ከባሕር ዳርቻ ገደል ጋር ተላትሞ 28ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ። የቲንዳውም አውሮፕላን የወደቀው መሬቱ በደንብ በማይታይበት አየር፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለማረፍ ሲሞክር ነው።

ለእያንዳንዱ ማረፊያ የተወሰነ ዝቅተኛ ከፍታ አለ። አብራሪው እዚያ ከፍታ ላይ ደርሶ ማኮብኮቢያውን ካላየ ወደ ታች መቀጠል አይፈቀድለትም፤ ሽቅብ መመለስ አለበት። «ትንሽ ብወርድ ይታየኛል» የሚል ሐሳብ ብዙ ሰው ፈጅቷል።

ሦስተኛው ቀለበት፦ በረዶና አመዳይ

የክንፍ ቅርጽ ተጠንቅቆ የተሠራ ነው። አመዳይ ወይም በረዶ ሲለጠፍበት ቅርጹ ይበላሻል፤ ክብደቱ ይጨምራል፤ አየር የመደገፍ ኃይሉ ይቀንሳል። መጋቢት 24 ቀን 2004 ዓ.ም. በሳይቤሪያ ቲዩሜን ከተማ አንድ ኤቲአር 72 አውሮፕላን ክንፉ ላይ ያለው በረዶ ሳይጸዳ ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ ወደቀ፤ ከ43 ሰዎች 33 ሞቱ። ማጽጃው ፈሳሽ ማረፊያው ላይ ነበረ፤ የጎደለው «ይታጠብ» የሚል ትእዛዝ ነበር።

በረዶ ሞተርንም ያፍናል። ሐምሌ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶምስክ አካባቢ የአንድ አንቶኖቭ-28 ሁለቱም ሞተሮች በአየር ላይ ጠፉ። አብራሪው ረግረግ ሜዳ ላይ አሳረፈው፤ አውሮፕላኑ ቢገለበጥም ሁሉም ሰው በሕይወት ተረፈ። የእኛም ሰማይ ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ሲወጣ በደመና ውስጥ ያለ ውኃ ክንፍ ላይ ሊረጋ ይችላል።

አራተኛው ቀለበት፦ የምላጩ አቀማመጥ

በእርግጥ የፕሮፔለር የራሱ የሆነው ችግር ይህ ነው። እናታችሁ እህል የሚያበጥሩበትን ሰፌድ አስቡ። ፊቱን ለነፋስ ብትሰጡት ወደ ኋላ ይገፋችኋል፤ ጠርዙን ብትሰጡት ነፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል። የፕሮፔለር ምላጮችም በመሽከርከሪያቸው ላይ አንግላቸውን ይቀይራሉ። አንድ ሞተር ሲጠፋ ምላጮቹ ጠርዛቸውን ለነፋስ መስጠት አለባቸው። ካልሰጡ የቆመው ፕሮፔለር እንደ ሰፌዱ ፊት ሆኖ አውሮፕላኑን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል።

ካረፉ በኋላ ፍጥነት ለመቀነስ ደግሞ ምላጮቹ ሆን ተብሎ ወደ ማቆሚያ አንግል ይዞራሉ። ይህ በአየር ላይ መሆን የለበትም። ኅዳር 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ኔልካን በተባለች የሩሲያ መንደር አቅራቢያ በቼክ አገር የተሠራ ኤል-410 አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የቀኝ ፕሮፔለሩ ወደዚህ አንግል ገባ። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ወደቀ። ከ7 ሰዎች የተረፈችው አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ናት።

አምስተኛው ቀለበት፦ ዕድሜና ጥገና

አንቶኖቭ የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ እህል አመላልሷል፤ ሠፋሪዎችንም ከሰሜን ወደ ምዕራብ አጓጉዟል። ቲንዳ ላይ የወደቀው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ወደ 50 ዓመት ተጠግቶታል። የነደፈው ድርጅት ያለው ደግሞ በዩክሬን ዋና ከተማ በኪዬቭ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ስለተነሣ የሩሲያ ኩባንያዎች የሠሪውን ድጋፍ አጥተዋል።

ዕድሜ ግን ብቻውን አይፈረድበትም። እያንዳንዱ ክፍል በሰዓቱ ከተመረመረና ከተቀየረ አሮጌ አውሮፕላንም በደህና ይበራል። አደጋው ያለው መለዋወጫ ሲጠፋና «ለዛሬ ይሁን» ሲባል ነው።

ስድስተኛው ቀለበት፦ ሰው

ከላይ በጠቀስነው የ2005ቱ የፓላና አደጋ መርማሪዎች በሁለቱም አብራሪዎች ደም ውስጥ አልኮል አግኝተዋል። ይህ ግልጽ ጥፋት ነው። ይበልጥ የሚከብደው ግን ቅን የሚመስለው ስሕተት ነው፦ ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው፣ ሌላ ማረፊያ ሩቅ ነው፣ ትናንትም በዚህ አየር ወርደናል። ረዳት አብራሪው ጥርጣሬ ቢያድርበትም ታላቁን ላለማስቀየም ዝም ይላል። እኛ ታላቅን ማክበር ያደግንበት ነው፤ በአብራሪ ክፍል ውስጥ ግን እውነተኛው አክብሮት «ካፒቴን፣ ከፍታችን አንሷል» ብሎ በጊዜ መናገር ነው።

ሰንሰለቱን የሚበጥሰው

ክፍለ ከተማችን ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል፤ ነፋስ ስልክ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። አብራሪና ማማ የሚነጋገሩት በዚሁ ነው። በዚያ መገናኛ ከሚተላለፉት መልእክቶች ሕይወት ያዳነው «አልወርድም፣ እመለሳለሁ» የሚለው ነው። መሬት ሲቀርብ የሚጮኸው መሣሪያም፣ ጥሩው ካርታም፣ ሥልጠናውም የሚጠቅሙት ይህን ለማለት የሚደፍር ሰው ሲኖር ነው።

ለጠየቀኝ ልጅ እንዲህ አልሁት፦ እናትህ ከጅማ ሲመለሱ «ደመና ነበረና ሦስት ሰዓት አስቆዩን» ብለው ቢያማርሩ፣ አንተ ደስ ይበልህ። በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው ቀለበቱን በጥሶታል።