በጨረቃ ማረፊያ ወቅት የሰውና የኮምፒውተር የቁጥጥር ክፍፍል፦ የአፖሎ ተሞክሮ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969 «ኢግል» የተባለው መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ስላረፈበት ሁኔታ በተለምዶ የሚነገረው፣ ኒል አርምስትሮንግ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኮምፒውተሩን ትቶ መንኮራኩሩን በእጁ እንዳሳረፈ ነው። ይህ አገላለጽ ከእውነታው ከፊሉን ብቻ ይይዛል። በአፖሎ የማረፊያ ሥርዓት ቁጥጥር ከማሽን ወደ ሰው ጨርሶ የተላለፈበት ጊዜ አልነበረም፤ ይልቁንም እንደ ውሳኔው ዓይነት ተከፋፍሎ ነበር። ይህ ጽሑፍ ክፍፍሉ እንዴት እንደተዋቀረና በምን ላይ እንደተመሠረተ ይመረምራል።

የቁልቁለት ጉዞው ደረጃዎች

ሞተሩ በርቶ የሚከናወነው ቁልቁለት ጉዞ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በሚጀምረው ፕሮግራም 63 የሞተሩን ግፊትና የመንኮራኩሩን ዝንባሌ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ጠፈርተኞቹ ይከታተላሉ።

ከ2,300 ሜትር ገደማ በኋላ በሚከተለው ፕሮግራም 64 መንኮራኩሩ ቀና ስለሚል ማረፊያው በመስኮት ይታያል። ኮምፒውተሩ የማዕዘን ቁጥር ያሳያል፤ አንደኛው ጠፈርተኛ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ አዛዡም በመስኮቱ መስታወት ላይ በተቀረጸው መለኪያ አሻግሮ በማየት ማሽኑ የት ለማረፍ እንዳሰበ ይረዳል። ቦታው ካልተስማማው የእጅ መቆጣጠሪያውን ገፋ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩም አዲሱን ዒላማ ተቀብሎ መንገዱን እንደገና ያሰላል።

በፕሮግራም 66 አዛዡ ዝንባሌውን በእጅ መቆጣጠሪያው፣ የመውረጃውን ፍጥነት ደግሞ በአንዲት ማብሪያ ይወስናል። ማብሪያዋ በተነካች ቁጥር ፍጥነቱ በሰከንድ 0.3 ሜትር ያህል ይለወጣል። ሆኖም ትእዛዙን ተቀብሎ አነስተኛ ሮኬቶችን የሚተኩሰውና የዋናውን ሞተር ግፊት የሚያስተካክለው ያው ኮምፒውተር ነው። «በእጅ ማሳረፍ» የሚባለውም ይኸው ነው። ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ ማረፊያ የሚያስችለው ፕሮግራም 65 ተዘጋጅቶ የነበረ ቢሆንም፣ ስድስቱም የአፖሎ ማረፊያዎች የተጠናቀቁት በፕሮግራም 66 ነው።

ሁለት ፈተናዎች

የ«ኢግል» ጉዞ የክፍፍሉን ሁለት ገጽታዎች አሳይቷል። የመጀመሪያው 1202 የተሰኘው የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ከሌላ መንኮራኩር ጋር ለመገናኘት የሚያገለግለው ራዳር አላስፈላጊ ምልክቶችን በመላኩ የኮምፒውተሩ ጊዜ ተጣበበ። ሶፍትዌሩ ግን ሥራዎችን በቅደም ተከተላቸው ክብደት የሚያስተናግድ ስለነበር፣ ራሱን እንደገና እያስነሳ አነስተኛ ሥራዎችን ትቶ የመንኮራኩሩን አመራር ቀጠለ። የቁጥሩ ትርጉም ለጠፈርተኞቹ ግልጽ አልነበረም፤ «ቀጥሉ» የሚለው ውሳኔ የመጣው በሂዩስተን ከነበሩት ስቲቭ ቤልስና ረዳቱ ጃክ ጋርማን ነው። ስለሆነም ቁጥጥሩ በሁለት ወገን ብቻ ሳይሆን፣ የምድሩን ቡድን ጨምሮ በሦስት ወገን የተከፋፈለ ነበር።

ሁለተኛው የማረፊያው ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ በራዳር ከፍታንና ፍጥነትን ይለካል፤ ቋጥኝን ከሜዳ መለየት ግን አይችልም። ወደ አንድ ሰፊና በቋጥኝ የተከበበ ጉድጓድ እያመራ መሆኑን ያየው አርምስትሮንግ ነው፤ እርሱም አደገኛውን ቦታ አልፎ ምቹ ስፍራ መረጠ። ሰው «የት» የሚለውን ሲወስን ማሽኑ «እንዴት» የሚለውን መፈጸሙን አላቋረጠም።

ማጠቃለያ

ይህ ወሰን ቋሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰው አልባው የቻይና መንኮራኩር ቻንግ ኤ 3 ከጨረቃ ገጽ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሞ፣ አደገኛ ስፍራዎችን በራሱ ለይቶ አርፏል። ቀድሞ የሰው ዓይን ድርሻ የነበረው ሥራ ወደ ማሽን ተሻግሯል ማለት ነው። በመሆኑም ሰው የሚሳፈርባቸውን መንኮራኩሮች የሚነድፍ ባለሙያ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ ሥራው የማን ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ ያሰበውን ለሰው በጊዜው ያሳያል ወይ፣ ሰውስ ሥራውን ሁሉ ሳይረከብ ዒላማውን ብቻ መለወጥ ይችላል ወይ የሚለውም ነው። በመስኮት ላይ የተቀረጸው መለኪያ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሲሆን፣ 1202 የተሰኘው እርቃን ቁጥር ግን መልስ አልነበረም።