የእሳት ቃጠሎና በስልክ የሚታየው ምክር

በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ ሠፈሩም ፒያሳ የሚል ሌላ ስም ጨመረ። በገበያ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ከሻጩ ጋራ ፊት ለፊት ይነጋገራል፤ መድኃኒቱ ጉዳት ቢያመጣም ሻጩን በሚመጣው የገበያ ቀን ፈልጎ ለመጠየቅ ይችላል። ዩቲዩብ የተባለው ማሳያ በ1997 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ግን ማንም ሰው ቪዲዮ የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀርጾ ለዓለም ሁሉ ያሳያል፤ ተናጋሪው ሐኪም ይሁን ቅባት ሻጭ፥ ተመልካቹ በቀላሉ አያውቅም።

ይህ ነገር በቃጠሎ ላይ ሲሆን እጅግ ያሰጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ ይሞታሉ፤ የሚበዙትም በድኻ አገሮች ነው። በፒያሳ አንድ ሕፃን የፈላ ጀበና ገልብጦ ቢቃጠል፥ እናቲቱም ደንግጣ ስልኳን ብትከፍት፥ አንዱ ቅቤ ቀቢው ይላታል፤ ሁለተኛው የጥርስ ሳሙና፤ ሦስተኛው የዕንቁላል ውሃ። ሦስቱም ስሕተት ናቸው። ቅቤ ሙቀቱን ያፍነዋል፤ የቀሩትም ቁስሉን ያቆሽሻሉ፥ ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት እንዳይለይ ይጋርዱታል።

ቆዳው ከእሳት ወይም ከፈላ ውሃ ከራቀ በኋላ እንኳ ሙቀቱ ወደ ሥጋ መዝለቁን ወዲያው አይተውም። ስለዚህ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማብረድ ይገባል፤ ቧንቧ በሌለበት መንደር በጣሳ እየቀዱ ማፍሰስ ነው። ወዲያው ቢደረግ ይሻላል፤ ነገር ግን እስከ 3 ሰዓት የሚሆን ጊዜ ቢያልፍም ይጠቅማል። በረዶ ቆዳውን ይጎዳልና አይደረግም። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይጀምር ይወልቃል፤ ከቆዳ ጋራ የተጣበቀ ልብስ ግን አይነቀልም። የቀረው ሰውነት እንዳይበርደው ይሸፈናል። ከዚያም ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ከልሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል ለቃጠሎ ሕመምተኞች የተለየ ክፍል አለው።

በውጭ አገር ሐኪሞች እንዲህ ያሉትን ሥዕሎች ሰብስበው በመረመሩ ጊዜ፥ ከነዚህ ብዙዎቹ ውሃው ስንት ደቂቃ እንደሚፈስ እንኳ የማይናገሩ ሆነው ተገኙ። ሺሕ ሰው አየው ማለትም እውነት ነው ማለት አይደለም። ተመልካቹ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ተናጋሪው ሙያውን ገልጿልን? ውሃን አስቀድሟልን? ወደ ሐኪም ልኳልን? ብሎ ነው። በመጨረሻ የቅባቱን ዋጋ የሚናገር ከሆነ ግን ነጋዴ ነው።

ሐሰተኛ ምክር በስልክ ብቻ አይመጣም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በምድጃ ላይ ሲወድቅ፥ በሽታው ይተላለፍብናል ብለው የሚሸሹ አሉ። በሽታው በመንካት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ በአጠገቡ ያለ ሰው ሳይዘገይ ከእሳቱ ጎትቶ ያወጣዋል፥ ውሃም ያፈስለታል።